ጉዳዩ፦ «ቁመቱ አይነካም» ተብሎ አራት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላ ስለተመለሰችልኝ መኪና

ደሴ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመለዋወጫ አስመጪና ጋራዥ ድርጅታችሁ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ትናንት ከቀትር በኋላ ከቢሮአችሁ ተደውሎልኝ ከመኪናዬ የተፈቱት አራት የፋብሪካ ሞላዎች እንዳልተገኙ፣ ምናልባትም ቁራሌው ከሌላው ብረት ጋር ጠቅልሎ ወስዷቸው ሊሆን እንደሚችል ተነገረኝ። የደወለችልኝ ሠራተኛ ትሕትና አልጎደላትም፤ እንዲያውም ከድርጅታችሁ ቀድሞ ሲደወልልኝ ይህ የመጀመሪያው በመሆኑ ላመሰግናት ይገባል። ሆኖም እስከ ትናንት ድረስ በቃልና በትዕግሥት ያልቃል ብዬ የያዝኩት ጉዳይ ከእንግዲህ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ስለተረዳሁ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የከፈልኩትን ገንዘብና የተመላለስኩባቸውን ቀናት በመዝገባችሁ ስለምታገኟቸው አልደግማቸውም።

የምደግመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በግቢያችሁ ውስጥ የተገባልኝ ቃል ነው። የቴክኒክ ክፍል ኃላፊያችሁ ከፊተኛው የግራ ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ እኔም ከመሥሪያ ቤቴ ይዤው የመጣሁትን ሜትር ዘርግቼ፣ ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት አብረን ለካን፤ 37.5 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ቁጥሩን በራሱ እጅ በትእዛዝ ወረቀቱ ጀርባ ላይ የጻፈው እሱ ነው፤ ከቁጥሩ ጎን የአውራ ጣቱ የግሪስ አሻራ እስከ ዛሬ ይታያል። ቀጥዬም የምፈልገውን አስረዳሁት። ቤቴ ደሴ ሆጤ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በየቀኑ ጠዋት ሀረጎን ወርጄ ማታ መልሼ እወጣዋለሁ። በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ቦታ እምብዛም የለውም፤ ሱባሩ ኢምፕሬዛ መኪናዬን የምወዳትም በእነዚያ ኩርባዎች ላይ ነው። ነገር ግን ያው መንገድ ክረምት በወጣ ቁጥር ጉድጓድ ያወጣል፣ ከዋናው አስፋልት እስከ ቤቴ በር ድረስ ያለው ደግሞ ኮብልስቶን ነው። ስለዚህ የጠየቅኩት ያረጁት አራት ሾክ አብዞርበሮች ለፋብሪካው ሞላ በተሠሩና ጠንከር ባሉ የካያባ ሾኮች ከነላይ መቀመጫ ጎማቸው እንዲቀየሩ፣ የተበጣጠሱት ጎሚኒዎች እንዲተኩና በመጨረሻ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) እንዲሠራ ነው። ሞላው እንዳይነካ፣ ቁመቷም እንዳይቀንስ ሁለት ጊዜ ተናገርኩ። ኃላፊያችሁ ከተቀመጠበት ተነሥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እህቴ፣ አብሽሪ፤ ቁመቱ አይነካም» አለኝ። እስከ በሩ ሸኝቶኝም እንደገና «አብሽሪ» አለኝ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎም በወሎ ምድር የሚሠሩ እንደመሆንዎ «አብሽር» ለታመመ፣ ለተጨነቀና ሐዘን ለገባው ሰው የሚባል ቃል መሆኑን ያውቃሉ፤ የተባለለት ሰው ልቡን አሳርፎ ይተኛል። እኔም ተኛሁ። «በሦስት ሳምንት ይገባል» የተባለው ዕቃ ወደ አራት ወር ሲጠጋ እንኳ፣ አንዴ ዶላር፣ አንዴ ጉምሩክ እየተባለ ስሰማ፣ ክፍያውን ቀድሜ የፈጸምኩ ሰው ሆኜ ሳለ አንድም ቀን ድምፄን ከፍ አላደረግኩም።

ጥቅምት 8 ቀን መኪናዋን ልወስድ ስመጣ ግን ከሩቅ ሳያት ሌላ መኪና መሰለችኝ። ፓራፋንጎው ጎማው ላይ ተኝቷል። ሜትሬን አውጥቼ በዚያው ጎማ፣ በዚያው ቦታ ስለካ 33.5 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የተገጠመው እኔ ያዘዝኩት ሾክ ሳይሆን ከነራሱ ሞላ የሚመጣ፣ ቁመቱ በጥርስ የሚስተካከል ሙሉ ስብስብ ነበር፤ ካርቶኑ ላይ የፊት ሞላው ጥንካሬ በሚሊ ሜትር 8 ኪሎ ግራም እንደሆነ ተጽፏል። ይህም ማለት ሞላው አንድ ሚሊ ሜትር እንዲጨመቅ ብቻ 8 ኪሎ ግራም ሊጫነው ይገባል ማለት ነው፤ ፋብሪካው ለዚህች መኪና ከሰጣት በእጅጉ የጠነከረ ነው። ለውድድር ሜዳ፣ ለተስተካከለ አስፋልት የሚመረጥ ዕቃ እንደሆነ አልክድም። ዝቅ ያለች መኪና ፎቶ ላይ እንደምታምርም አውቃለሁ፤ እኔም ዓይን አለኝ። ነገር ግን ቁመቷ አራት ሳንቲ ሜትር ሲቀንስ ጎማው ጉድጓድ ወይም ጉብታ ሲያገኝ ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ቦታ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ቦታው ሲያልቅ ሾኩ መጨረሻው ላይ ባለችው ጎማ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ምቱን የሚቀበለው ሞላው ሳይሆን የመኪናዋ ቦዲና የሾፌሯ ወገብ ነው። በተጨማሪም የኔዋ ኢምፕሬዛ ከፊትም ከኋላም ስትራት (ሾኩና ሞላው በአንድ ላይ የቆሙበት ምሰሶ) ያላት መኪና ስለሆነች ከልክ በላይ ስትወርድ የታችኞቹ ክንዶች አንግል ይበላሻል፤ የጎማዎቹ አቅጣጫም ይለወጣል። አላይመንት ግን አልተሠራም። የተሠራ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ የሁለቱ የፊት ጎማዎች የውስጥ ጠርዝ እንዲህ ሙልጭ ብሎ ባልተበላ ነበር። ይህንንም ያወቅኩት በራሴ አይደለም፤ አንዱን ጎማ ሊለጥፍልኝ የፈታው የሰኞ ገበያ ጎሚስታ ገልብጦ አሳይቶኝ ነው። ከውጭ ሲታይ ደህና ጎማ ነበር።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ኃላፊያችሁ ይህን ሁሉ የማያውቅ ሰው አለመሆኑ ነው። በዚያው የሰኔ ቀን፣ እኔ ሳልጠይቀው፣ ለየቀኑ አገልግሎት ባለ 17 ኢንች ቸርኬውን በ16 ብቀይረውና 205/55 ጎማ ባደርግለት እንደሚሻለኝ የመከረኝ እሱ ነው። ምክሩ ትክክል ነበር። አሁን ያለው 215/45 ጎማ የጎን ቁመቱ 97 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የመከረኝ ጎማ 113 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የጎማው ከነቸርኬው የጠቅላላ ቁመት ልዩነት ግን ከአንድ ሳንቲ ሜትር ስለሚያንስ የፍጥነት ቆጣሪውም ብዙ አይዛባም፣ ቸርኬውም ከድንጋይ ይድናል። እንዲህ አርቆ የሚያስብ ባለሙያ አራት ወር ቆይቶ ለኮብልስቶን የውድድር ሞላ የሚገጥመው ያዘዝኩት ዕቃ ስላልመጣና ይኼኛው መጋዘን ውስጥ ስለነበረ ካልሆነ በቀር ሌላ ምክንያት አይታየኝም። እንደዚያ ከሆነ አንድ ስልክ መደወል ይበቃ ነበር፤ ቁጥሬ በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ በሁለት ቦታ ተጽፏል።

ወደ ጥቅምት 13 ቀን ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ መጻፍ የሚከብደኝ እሱ ነውና። ለአቤቱታ ስመጣ ኃላፊው አልነበረም፤ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ ሳልጨርስ አቋርጦኝ «ቁልፉን አላላንልሽ እኮ» አለኝ። በሾኩ ጫፍ ላይ ያለው ቁልፍ የሚቆጣጠረው የሾኩን የዘይት ፍሰት እንጂ የሞላውን ጥንካሬ እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳሁት። «እንግዲያው በጥርሱ ከፍ እናደርገዋለን» አለ። ከፍ ቢደረግም ሞላው ያው ባለ 8 ኪሎ ሞላ እንደሚሆን፣ ሾኩም ተዘርግቶ ስለሚቆም ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ እንደሚያንስ ነገርኩት። በዚህ ጊዜ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ፣ ተራ የሚጠብቁ ሦስት ደንበኞች እየሰሙ፣ «ስፖርት መኪና የገዛ ሰው ስለ ጉድጓድ አያወራም፤ ምቾት ከፈለግሽ ጋሪ ተሳፈሪ። ካልሆነም ባለቤትሽን ላኪውና ከሱ ጋር እንነጋገራለን» አለኝ። ከሦስቱ አንዱ ሳቀ። እኔ በዕድሜ ያንን ልጅ ልወልደው የምችል ሰው ነኝ፤ «አንቺ» ማለቱን ግን እንደ ጥፋት አልቆጥርበትም፣ ታናሽ ወንድሞቼም አንቺ ይሉኛል። መኪናዋን የገዛሁት፣ ሜትሩን ይዤ የመጣሁት፣ ገንዘቡንም የከፈልኩት እኔ ሆኜ ሳለ በምን ምክንያት ባለቤቴ መላክ እንዳለበት ግን እስካሁን አልተገለጸልኝም። ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ የለውም።

ለነገሩ ጋሪ ብሳፈር ይሻለኝ ነበር። በዚያው ሳምንት እናቴን ለዓይን ክትትል ወደ ቦሩ ሜዳ ስወስዳት፣ ከኋላ ተቀምጣ እያንዳንዱ ጉብታ ላይ የበሩን እጀታ ስትጨብጥ በመስታወቱ አያት ነበር። ጎማው ከውስጥ ፓራፋንጎውን እየፋቀ ሲጮህ «ልጄ፣ ይህችን መኪና ምን ብለሽ አስከፋሻት?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላት ጠፋኝ።

አንዴ ከጀመርኩ ዘንድ ቀደም ሲል ዝም ብዬ ያለፍኳቸውንም ልጥቀስ። መኪናዋን እናንተ ጋ ስተዋት ከግማሽ በላይ የነበረው ቤንዚን ስረከባት መብራት አብርቶ ነበር፤ ቤንዚን ዛሬ በወረፋ እንደሚገኝ ለናንተ አልነግርም። የሾፌሩ ወንበር ላይ የጥቁር ዘይት እጅ አለ፤ እስከ ዛሬ በፎጣ ሸፍኜው እነዳለሁ። የግራ የኋላ ቸርኬ አንድ ዳዶ ጎድሎት ነው የተረከብኩት፤ ይህንንም ያገኘሁት ኮምቦልቻን ወጥቼ ሀረጎ መሀል ሳለሁ ነው፤ በሰላም መግባቴን እንደ ዕድል እቆጥረዋለሁ። የክፍያ ደረሰኝ «ሲስተሙ ሲመለስ» ይሰጥሻል ከተባልኩ አምስት ወር ሊሆን ነው። ለማስተካከያ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ሰጥታችሁኝ ሦስቱንም ጊዜ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ መጥቼ «ነገ» ተብያለሁ።

እስከ ትናንት ድረስ የምጠይቀው የተገጠመው ስብስብ ተፈትቶ በፋብሪካው ሞላዎቼ ላይ ያዘዝኳቸው ሾኮች እንዲገጠሙና አላይመንት እንዲሠራ ብቻ ነበር። ከትናንቱ ስልክ በኋላ ግን ይህ አይበቃም። ሞላዎቹ የኔ ንብረት ናቸው፤ ለቁራሌ እንዲሰጡ የፈቀደ ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፣ ካልተገኙም ለዚሁ ሞዴል የተሠሩ የፋብሪካ ሞላዎች በድርጅቱ ወጪ እንዲተኩ እጠይቃለሁ። የተበሉት ሁለት ጎማዎች እንዲተኩ፣ ለገጠማ የተቀበላችሁት ክፍያ እንዲመለስና ደረሰኜ እንዲሰጠኝም እንዲሁ። ቤንዚን መኪና ወደ አገር ውስጥ ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ ይህችን ጥዬ ሌላ ላስመጣ የምችል ሰው አይደለሁም፤ ስለዚህ «ሽጫት» የሚለውን የሠራተኛችሁን ሌላ ምክር ከወዲሁ ውድቅ አድርጌዋለሁ። ስለ ጋሪውም ሆነ ስለ ባለቤቴ የተነገረኝን ደግሞ የተናገረው ሠራተኛ፣ ቢቻል ያኔ የሰሙት ደንበኞች በሚገኙበት፣ ካልተቻለም በድርጅቱ ማኅተም ይቅርታ እንዲጠይቀኝ እፈልጋለሁ። ይህ ነጥብ ለድርድር አይቀርብም።

ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መኪናዋን ይዤ በጋራዣችሁ እገኛለሁ። እስከዚያ ቀን መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት አቀርባለሁ፤ ማመልከቻው ተጽፎ ቀኑ ብቻ ነው የቀረው። 37.5 የሚለው ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ ዋናውን ከግሪሱ አሻራ ጋር እኔ ዘንድ አስቀምጬዋለሁ። ሜትሩንም ይዤ እመጣለሁ። የቴክኒክ ኃላፊው በዚያ ቀን ከቦታው እንዳይጠፋ ይደረግልኝ፤ እንደ ሰኔው ቁጢጥ ብሎ እሱ ራሱ እንዲለካልኝ እፈልጋለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣

የኢምፕሬዛዋ ባለቤት
ፊርማ