ደንቡን ሳያነቡ ቀብድ አይክፈሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ኮንዶሚኒየም የሚፈልግ ሰው «የዚያ ብሎክ ኮሚቴ ጥብቅ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ ፊቱን አዙሮ ደንቡ ወደላላበት ብሎክ ይሄዳል። ይህ አመራረጥ ገዢውን ስለሚጎዳ፣ ቤት ለመግዛት ለተዘጋጁ አንባቢዎች የሚከተለውን ብታደርሱልኝ እወዳለሁ።

በቅድሚያ መታየት ያለበት የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ምንን ይከለክላል የሚለው ነው። የፍሳሹን ነገር እንውሰድ። በጂ+4 ሕንፃ ከላይ እስከ ታች የተደረደሩ ቤቶች ፍሳሻቸውን የሚለቁት ቁልቁል በሚወርድ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ነው። ቱቦው መሬት ሲደርስ ታጥፎ ወደ ማንሆል ይገባል፤ የሚዘጋውም መታጠፊያው ላይ ነው። ለፋሲካ ወይም ለአረፋ የታረደው በግ ሞራ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ይለቀቃል፣ ታች ሲደርስ በደሴ ብርድ ይረጋል፣ የቡና አተላና የሊጥ እጣቢ ይለጠፍበታል። ከዚያ በኋላ ከላይ የሚፈሰው ሁሉ በምድር ቤቱ ነዋሪ መጸዳጃ ገንፍሎ ይወጣል። ጥፋቱ የአራተኛ ፎቅ፣ ጉዳቱ የምድር ቤት ነው። ስለዚህ «ዕርድ በጋራ መገልገያ ሕንፃው ብቻ፣ ፈርስና ሞራ ወደ ቱቦ አይገባም» የሚል አንቀጽ ያለው፣ ቅጣቱንም የሚያስከፍል ብሎክ ሲገኝ ደስ ሊለን ይገባል። ምድር ቤት የሚገዛ ሰው ደግሞ ይህ አንቀጽ ከሌለ ባይገዛ ይሻላል።

ሮቶም እንዲሁ ነው። 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውኃው ብቻ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይህ ሁሉ የሚያርፈው 1 ካሬ ሜትር ገደማ በሆነ ወለል ላይ ነው። የመኖሪያ ቤት በረንዳ የሚሠራው ከዚህ እጅግ ላነሰ ሸክም ስለሆነ በረንዳ ላይ ሮቶ መከልከሉ ተገቢ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ፣ ማለትም በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። በበዓል ዋዜማ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲጋግር የብሎኩ ብሬከር ይወድቃል፤ የመጋገሪያ ተራ ማውጣት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ኮለን (የሕንፃውን ምሰሶ) መብሳትና ግድግዳ ማፍረስማ ክርክር የለውም፤ የሕንፃ ባለሙያ ሳያየው መንካት ክልክል መሆን አለበት።

ደሴ ላይ ከቱቦውም በላይ የሚያሳስበው ተዳፋቱ ነው። ከጦሳ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች፣ የመሬት መንሸራተት የምታውቅ ከተማ ናት። በደጋፊ ግንብ ላይ የተሠራ ግቢ ከሆነ ግንቡ የማነው፣ ማንስ ያድሰዋል የሚለው በደንቡ መጻፍ አለበት። የግንቡን ውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎች መድፈን በግልጽ መከልከል አለበት። አንድ ሰው ግቢውን ለማሳመር ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶ ሲለስናቸው ከኋላ ያለው ጭቃ አፈር ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ግንቡም ሆዱን ይነፋና ይሰነጠቃል። በቤት ሥራ ማኅበር የተሠሩ ሰፈሮች ላይ ደግሞ ማኅበሩ ዛሬም በሕይወት መኖሩን አጣሩ። ሁሉም የየራሱን ካርታ ካወጣ በኋላ ማኅበሩ ከፈረሰ ግንቡም ቦዩም ባለቤት አያገኝም።

መሸሽ ያለብን ሌላ ዓይነት ጥብቅነት አለ። «ኮሚቴው አስፈላጊ መስሎ በታየው ጊዜ መዋጮ ይጨምራል» የሚል ደንብ ከተገኘ ቤቱን ተዉት፤ መዋጮ የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው መሆን አለበት። የለቅሶ ድንኳን ጨርሶ የሚከለክል ደንብም ቅሬ (የወሎ ዕድር) ባለበት አገር አያዋጣም። በመጀመሪያው ለቅሶ ይጣሳል፤ አንዱ ከተጣሰ የቱቦውም ይላላል። ደህናው ደንብ ድንኳኑ የሚተከልበትን ቦታ፣ የቀኑን ብዛትና ለአምቡላንስ ክፍት የሚቀረውን መንገድ ስፋት ይወስናል። ቅሬያችን ለቀብር የቀረን ሰው ሲቀጣ ማንም አያጉረመርምም፤ ደረጃው የሚጸዳበትን መዋጮ በዚያው መንፈስ ብንከፍል ኖሮ ስንት ብሎክ ይተርፍ ነበር!

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እንደሚለው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ይኖራል፣ በመተዳደሪያ ደንብም ይመራል፤ ቤት የገዛ ሰው አባል ይሆናል። ስለዚህ ከቀብድ በፊት ማኅተም ያረፈበትን ደንብ ከነማሻሻያው ጠይቁ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ቃለ ጉባኤዎች አንብቡ፦ የተቀጣ ሰው ስም በፍጹም ከሌለ ደንቡ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ከተቀጣ ደግሞ ቂም አለ። የባንክ ደብተሩን ተመልከቱ፣ ገንዘብ የሚወጣው በስንት ሰው ፊርማ እንደሆነ እወቁ። ለምሳሌ 32 ቤት ያለው ብሎክ በወር 150 ብር ቢያዋጣ በዓመት 57,600 ብር መሰብሰብ አለበት። ሲሶው ካልከፈለ 38,400 ገደማ ብቻ ይገባል፤ የውኃ ፓምፑ የተቃጠለ ቀን የሚጎድለው ያልተከፈለው ሲሶ ነው። የጎደለውን የሚሞላው ደግሞ ዘወትር የሚከፍለው ሰው ነው፤ አዲስ ገዢም ከከፋዮቹ አንዱ ይሆናል።

ቤቱን በጥር አይታችሁ አትወስኑ። በሐምሌ፣ ዝናቡ እንዳባራ ሂዱና ምድር ቤቱን፣ ማንሆሉንና የግንቡን ግርጌ እዩ። ኮምቦልቻ ከሆነ ቦዩ በቆሻሻ አለመደፈኑን አረጋግጡ።

በመጨረሻም ሻጩ ያልከፈለው መዋጮና ቅጣት እንደሌለበት ከማኅበሩ በደብዳቤ ያምጣ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሰነድ አረጋጋጭ ፊት ስለሚደረግ፣ ደብዳቤው ከውሉ ጋር ይያያዝ። በውሉም ውስጥ «ከርክክብ በፊት ያለ ማንኛውም የማኅበር ዕዳ የሻጭ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ይግባ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ