የውሮ ስኳርና የኔ ስኳር

ጅማ

ይድረስ ለልጄ ለማሙሽ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝናቡ ግን አልለቀቀንም። ያጠብኩት ልብስ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ይውላል።

በስልክ «ለድመት ኢንሱሊን? ሰው ኢንሱሊን በሚያጣበት አገር? እማዬ የምርሽን ነው?» ብለህ ሳቅክ፤ መስመሩም ተቆረጠ። ደግሜ ልደውል ብዬ ተውኩት። ነገሩ ረጅም ነው፣ የምትገዛልኝ ዕቃም አለ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ወረቀቱን ይዘህ ፋርማሲ ትገባለህ።

ድመታችን ውሮ መጀመሪያ ውሃ ማብዛት ጀመረ። ድመት እኮ ብዙ ውሃ አይጠጣም። እሱ ግን የራሱን ጨርሶ የዶሮዎቹን ይልሳል። ይበላል፣ ግን ይከሳል። ያ ሆዳም ጀርባው አጥንት ብቻ ሆነ። ከዚያ የሚሸናበት አሸዋ ላይ ጉንዳን ተሰልፎ አየሁ። አያትህ «ሽንቱን ጉንዳን የሚወደው ሰው ስኳር አለበት» ይሉ ነበር። ምርመራ አይባልም፣ ለጥርጣሬ ግን ይበቃል። ኋላ ላይ አረማመዱም ተበላሸ፤ በጣቶቹ መርገጥ ትቶ የኋላ እግሩን ተረከዝ መሬት ማስነካት ጀመረ። ስኳሩ ነርቩን ሲጎዳው ነው። እኔን ማታ ማታ እግሬን እንደሚያቃጥለኝ ማለት ነው። የሱ ግን ስኳሩ ከተስተካከለ ሊመለስ ይችላል ብለውኛል።

በካርቶን አድርጌ በባጃጅ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት። ወረፋው ላምና በግ ነው። በሬ ይዞ የቆመ አንድ ሰውዬ ካርቶኑን ሲያይ ዶሮ መስሎት «ስንት ነው?» አለኝ።

ወጣቱ ዶክተር ጎበዝ ነው። የደሙ ስኳር ከፍ ብሎ ወጣ፣ እሱ ግን ወዲያው አልፈረደም። ድመት ሲደነግጥ ብቻ ስኳሩ ሽቅብ ይወጣል አለኝ። በባጃጅ ተንገላትቶ፣ በሬ አይቶ የመጣ ድመት እንዴት አይደነግጥ! ሽንቱን ከቤት አምጪ ተባልኩ። እዚያም ስኳር ሲገኝ ነው ነገሩ የለየለት። ኮርቲዞን የሚባለውን መርፌ ተወግቶ ያውቅ እንደሆነም ጠየቀኝ። እሱም ድመትን ለስኳር ይዳርጋል። ውሮ አልተወጋም። የሱ ጣጣ ውፍረት ነው። ወንድ ነው፣ ዕድሜው ሄዷል፣ ሰፈሩ ሁሉ ያጎርሰዋል።

አሁን ወደ ሳቅህ ልምጣ። እናትህ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረች ናት፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሰኝ። ኢንሱሊን መጀመሪያ የተሞከረው በእንስሳ ነው። በ1921 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቶሮንቶ ላይ ባንቲንግና ቤስት ቆሽታቸው በወጣ ውሾች ላይ ሞከሩት። ሰው ያገኘው በዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ስኳር ያለበት ሰው የኖረው ከላምና ከአሳማ ቆሽት በተጨመቀ ኢንሱሊን ነው። የድመት ኢንሱሊን ደግሞ ከላም የሚለየው በአንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። እንስሳው ለኛ ሲሰጥ ማንም አልሳቀም።

«ሰው ኢንሱሊን በሚያጣበት አገር» ያልከው ግን ልክ ነው። እሱን አስቤበታለሁ። ለኔ ከጤና ጣቢያ በነጻ ከሚሰጠኝ አንዲት ጠብታ አልነካም። የሱ በጡረታዬ ይገዛል። በቀን ሁለቴ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት መውጋት የማልችል ብሆን ደግሞ አልጀምረውም ነበር። አንዳንድ ቤት ይህን አይችልም፣ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ለራሴ እወጋለሁ። እሱ አጠገቤ ይቀመጣል። ምን ተጨማሪ ሥራ አለው?

ስኳርን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር የገባሁበት። ግማሹን አውቀዋለሁ። ኢንሱሊን ፍሪጅ በር ላይ እንጂ በረዶ ቤት እንደማይገባ፣ መብራት ሲጠፋ እርጥብ አሸዋ ያለው ማሰሮ ውስጥ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። (በክረምት እርጥበቱ ስለሚበዛ ማሰሮው እንደ በጋው አያበርድም፣ ግን አየሩም ራሱ ቀዝቃዛ ነው።) የሚወጋበትን ቦታ መቀያየርም ያው ነው። ቆዳውን እንደ ድንኳን ከፍ አድርጌ ሥሩ እወጋዋለሁ። መርፌዋ ቀጭን ናት፣ እየበላ ከሆነ ዞሮም አያይ።

ሌላው ግማሽ ግን የኔን አይመስልም። መጠኑን ተመልከት። ዶክተሩ የጀመረለት በአንድ ዩኒት ነው፤ ዩኒት የኢንሱሊን መለኪያ ነው። አንድ! እኔ የምወስደው ቢሰጠው ያው ይገድለዋል። የምውጠው የስኳር ኪኒን፣ ሜትፎርሚንም ለሱ መድኃኒት አይደለም። እዚህ በቀላሉ የሚገኘው ኤን ፒ ኤች የሚባለው ኢንሱሊን ደግሞ ድመት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ በአንድ ጊዜ አውርዶት 12 ሰዓት ሳይሞላ ይጠፋል። ለጊዜው በሱ ነን፣ ለዚህ ነው አንተን ያስቸገርኩህ። ግላርጂን የሚባለው ኢንሱሊን ይሻለዋል። ረጋ ብሎ ይሠራል።

ምግቡም እንደዚያው ነው። ለኔ ጤፍ ብዪ፣ አጃ ብዪ፣ ሥጋ ቀንሺ ይሉኛል። ለሱ ተቃራኒው ነው። ድመት ሥጋ በል ነው፤ ዳቦ በወተት የሰው ፍቅር እንጂ የሱ ምግብ አይደለም። አሁን የተቀቀለ ሥጋ፣ ዶሮና እንቁላል ይበላል፤ የበሬ ልብም እጨምርለታለሁ። ጨው የለ፣ በርበሬ የለ። ወጥ ጨርሶ ክልክል ነው፤ ሽንኩርት ነጩም ቀዩም የድመት ደም ያበላሻል። ይህን ለጎረቤት ማስረዳት ከመርፌው በላይ አድክሞኛል። የጎረቤታችን ሐጂ ግን አንዴ ሰምተው ልጆቻቸውን ሁሉ ከለከሉልኝ። «ሁዳዴ ሲገባ ሥጋውን ከኛ ቤት ውሰጂ» ብለውኛል። ምግቡን የቀየርኩት ለዶክተሩ ነግሬ ነው። ዳቦው ሲቀር ስኳሩ ይወርዳል፤ ኢንሱሊኑ ባለበት ከቀጠለ ከልክ በላይ ሊያወርደው ይችላል።

እኔ የምፈራው መውረዱን ነው። እኔ ሲወርድብኝ ያልበኛል፣ እናገራለሁ። እሱ ምን ብሎ ይናገር? ከተንገዳገደ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ከፈዘዘ ማር በጣቴ ድዱ ላይ እቀባለሁ። አፉ ውስጥ አይፈስም፣ ያንቀዋል። ሲነቃ ምግብ እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ ዶክተር። ማሩ በብልቃጥ ከኢንሱሊኑ አጠገብ ተቀምጧል። ምግብ እንቢ ካለ አልወጋውም፣ መጀመሪያ እደውላለሁ። መድኃኒቱ ፀጉሩ ላይ የፈሰሰ ከመሰለኝም አልደግመውም። አንድ ቀን ስኳሩ ከፍ ብሎ መዋሉ የመውረዱን ያህል አያሰጋም። ካስመለሰው፣ ከደከመና ምግብ ከተወ ግን እሱ ሌላ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይጠራል።

ደሙን በራሴ መለኪያ ከጆሮው ጠርዝ እለካዋለሁ። የሰው መለኪያ በድመት ደም ላይ ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያነባል። ቁጥሩን ጽፌ ለዶክተሩ አሳያለሁ፣ በራሴ መጠን አልቀይርም።

አንድ የምቀናበት ነገር አለ። በጊዜ የተጀመረለት፣ ምግቡ የተስተካከለለት ድመት በወራት ውስጥ ኢንሱሊኑን ጭራሽ ሊተው ይችላል። ሁሉም አይደለም፣ ግን ጥቂት የማይባሉት። ውሮ ከነዚያ ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም።

እንግዲህ ዕቃው። ግላርጂን፣ እንደ እስክሪብቶ ያለውን ባለ 3 ሚሊ ሊትሩን ፔን ካገኘህ እሱን። ትልቁ ብልቃጥ 1000 ዩኒት ነው፤ በቀን ሁለት ዩኒት ለሚወስድ ድመት ዓመት ያልፋል። ወረቀቱ ላይ ግን ከተከፈተ 28 ቀን ነው የሚለው። የዶክተሩን ማዘዣ በስልክ ልኬልሃለሁ። ከፔኑ የምንቀዳው በሲሪንጅ ነው፣ ስለዚህ ሲሪንጅም ግዛ፤ ግማሽ ዩኒት የሚያሳይ ትንሹን። ላዩ ላይ 100 የሚል፣ ክዳኑ ብርቱካናማ ይሁን። ቀይ ክዳን ያለው 40 የሚል ቢሰጡህ እንዳትቀበል፤ በሱ ከተቀዳ መጠኑ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። የቆርቆሮ የድመት ምግብም ትንሽ ጨምር፣ እርጥቡን እንጂ ደረቁን አይደለም። ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ይጎድለዋል።

አውቶቡስ ላይ ስትልክ በቴርሞስ ይሁን። በረዶውን በፎጣ ጠቅልለው፣ ኢንሱሊኑን እንዳይነካው። ከረዳቱ ጋር ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ፤ የጊቤ በረሃን ሙቀት ታውቀዋለህ። የምታውቀው ሰው በእጁ ይዞት ይምጣ፣ ስልኩን ላክልኝ፣ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላለሁ።

ለዓይኔ ምርመራ አዲስ አበባ ስመጣ ደግሞ እዚህ የሚቆየው አንተ ነህ። ከሥራህ ፈቃድ ከአሁኑ ጠይቅ። ቅዳሜ መጥተህ ሁለት ቀን እኔ ስወጋ ታያለህ፣ በሦስተኛው ትወጋለህ። ውሮ ይታገስሃል፣ ሥጋው ይቅደም ብቻ።

እናትህ