ለገንዳዬ የማይመጥን ስኪመር ተመርጦ ስለተሸጠልኝና የመመለሻ ጊዜው ስላለፈብኝ የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ በባለሙያችሁ ምክር የገዛሁት ፕሮቲን ስኪመር ከልክ በላይ ትልቅ በመሆኑ እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ

ከላይ በጉዳዩ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ከድርጅታችሁ የገዛሁት ስኪመር (የጨው ውሃ ገንዳን ቆሻሻ በአረፋ አማካይነት የሚያወጣ መሣሪያ) ለኮራል ገንዳዬ የማይመጥን ሆኖ ስላገኘሁት እንዲቀየርልኝ ብጠይቅም፣ «የመመለሻው 30 ቀን አልፏል» የሚል የአንድ መስመር ምላሽ ስለተሰጠኝ ይህን ቅሬታ በዝርዝር ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ዕቃው ተሰብሮ ወይም ተበላሽቶ አይደለም። ፓምፑ ድምፁ እንኳ ሳይሰማ ይሠራል፤ የአክሪሊኩ አሠራርም የሚያስመሰግን ነው። ቅር የተሰኘሁት መጠኑ በተመረጠበት መንገድ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ስሕተቱ ከታየ በኋላ እናንተው «ይታገሡ» እያላችሁ ያስጠበቃችሁኝ ቀን ዛሬ በእኔው ላይ መቆጠሩ ነው።

ከመግዛቴ በፊት ለምክር ክፍላችሁ በላክሁት መልእክት ስለ ገንዳዬ መታወቅ ያለበትን ሁሉ ዘርዝሬ ነበር። ዋናው ገንዳ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 55 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በስሌት 396 ሊትር ይመጣል። ድንጋዩና አሸዋው የያዙት ቦታ እንዲሁም ከላይ የሚተወው ክፍተት ተቀንሶ፣ ከሥር ያለው ሳምፕ (መሣሪያዎቹ የሚቀመጡበት ረዳት ገንዳ) ሲደመርበት ግን በመላው ገንዳ የሚዞረው ውሃ 410 ሊትር ነው። ይህን በግምት አልጻፍኩም፤ ገንዳውን የሞላሁት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እየቆጠርኩ ስለነበር ሃያ ጀሪካን ተኩል መግባቱን አውቃለሁ። ዓሦቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ጎቢ እና አንድ ፋየርፊሽ። የሚመገቡትም በቀን አንድ ጊዜ፣ አንድ ቁንጥር ያህል ነው። ስኪመሩ የሚቆምበት የሳምፕ ክፍል የውሃ ጥልቀት 20 ሴንቲ ሜትር መሆኑንና ከዚያ በላይ ከፍ ባደርገው፣ ውሃውን ከሳምፑ ወደ ዋናው ገንዳ የሚመልሰው ፓምፕ በቆመ ጊዜ ከዋናው ገንዳ የሚወርደው ውሃ ሳምፑን ሞልቶ እንደሚፈስስ ጭምር ገልጬ ነበር።

ባለሙያችሁ የመለሰልኝ «ስኪመር ትልቅ በሆነ ቁጥር ይሻላል፤ ወደፊት ዓሣ ቢጨምሩም አያንስዎትም» የሚል ሲሆን፣ በሽያጭ ገጻችሁ ላይ «እስከ 1500 ሊትር» ተብሎ የተጻፈበትን ሞዴል እንድገዛ መከረኝ። ስለ ሳምፑ ጥልቀት አንድም ቃል አልተመለሰልኝም። እኔም ይህን አባባል ከሌሎች የገንዳ ባለቤቶች ደጋግሜ ሰምቼው ስለነበር ሳልጠራጠር ገዛሁ። በዚህ በኩል የእኔም ድርሻ እንዳለበት አልክድም፤ ነገር ግን ባለሙያ የጠየቅሁት የሰማሁትን መልሶ እንዲነግረኝ አልነበረም።

ለምን እንዳልሠራ የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስኪመር ውሃን እንደ ወንፊት የሚያጣራ ዕቃ አይደለም። ፓምፑ አየርና ውሃን ቀላቅሎ ደቃቅ አረፋ ይፈጥራል፤ ከዓሣ ኩስ፣ ከምግብ ትራፊ እና ኮራሎቹ ከሚያወጡት ልጋግ ወደ ውሃው የሚገቡት የሟሙ ኦርጋኒክ ነገሮች፣ አንደኛው ጫፋቸው ውሃ የሚሸሽ በመሆኑ፣ በየአረፋው ገጽ ላይ ይለጠፋሉ። አረፋው ወደ ስኪመሩ አንገት፣ ማለትም ከላይ ወዳለው ቱቦ ሲወጣ በመካከሉ ያለው ውሃ ወደ ታች እየተንጠፈጠፈ ይወርዳል፤ እየደረቀና እየጠነከረ የሄደው አረፋ ደግሞ ከሥሩ በሚመጣው እየተገፋ በአንገቱ ጫፍ ወዳለው የቆሻሻ መሰብሰቢያ ኩባያ ይገባል። እንግዲህ አረፋው ሳይፈርስ እንዲቆም የሚያደርገው ራሱ ቆሻሻው ነው ማለት ነው። ቆሻሻው ጥቂት ሆኖ አንገቱ ሰፊ ከሆነ፣ አረፋው መንገድ ላይ እየፈረሰ ይመለሳል እንጂ ኩባያው አይደርስም። የላካችሁልኝ ስኪመር አንገት ዲያሜትሩ 18 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቀድሞ በነበረችኝ ትንሽ ገንዳ የተጠቀምሁበት አሮጌ ስኪመር ደግሞ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ዲያሜትሩ በእጥፍ ሲያድግ አረፋው ሊሸፍነው የሚገባው ገጽ በአራት እጥፍ ያድጋል፤ የእኔ አራት ዓሦች የሚያወጡት ቆሻሻ ግን ስኪመሩ ስለተለወጠ አልጨመረም።

በአንገቱ ላይ ያየሁትም ይኸው ነው። ከኩባያው አፍ በማስመሪያ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ዙሪያውን ቡናማ ቀለበት ተሠራ፤ አረፋው በየዕለቱ እስከዚያ ይወጣል፣ እዚያ ሲደርስ ትልልቅ ሆኖ ይፈነዳል፣ ይወርዳል። ኩባያው በየማለዳው ደረቅ ነበር። ቆሻሻው ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ የሚጠራቀመው ናይትሬት፣ በሊትር 5 ሚሊ ግራም የነበረው፣ በአራተኛው ሳምንት 12 ደረሰ፤ በፊተኛው መስታወት ላይ ሁለት ቀን ሳይጠረግ ሲቀር ብቻ ይታይ የነበረው አልጌም በየቀኑ የሚጠረግ ሆነ።

ይህን ሁሉ ሳይ ዝም አላልኩም። ዕቃው በደረሰኝ በ3ኛው ቀን ስጽፍላችሁ፣ አዲስ ስኪመር ከፋብሪካ የመጣ ቅባት ስላለው መለማመጃ ጊዜ እንደሚያስፈልገውና ሁለት ሳምንት እንድጠብቅ ነገራችሁኝ። ይህ እውነት ነው፤ አዲስ ስኪመር በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደማይረጋጋ ስለማውቅ ጠበቅሁ። በ16ኛው ቀን ኩባያው አሁንም ደረቅ መሆኑን ከፎቶግራፍ ጋር ስልክላችሁ፣ «አንዳንዱ አራት ሳምንትም ይወስዳል፤ እስከዚያው የመውጫውን ቫልቭ ጠበብ አድርገው ውሃውን በአንገቱ ውስጥ ከፍ ያድርጉት» የሚል ምላሽ ደረሰኝ። በዚያው መልእክቴ ላይ «ምናልባት መጠኑ በዝቶብኝ ይሆን?» ብዬ በግልጽ ጠይቄ ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለም። አራት ሳምንት ማለት 28 ቀን ነው። የመመለሻው ጊዜ 30 ቀን መሆኑን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁና፣ ይህን ምክር የሰጠኝ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ አይቷቸው እንደሆነ ልጠይቅ እወዳለሁ።

በ31ኛው ሌሊት የደረሰው ደግሞ የሚከተለው ነው። ከሣጥኑ ውስጥ በወጣው መመሪያ ላይ ስኪመሩ በትክክል የሚሠራው ከ23 እስከ 26 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ እንደሆነ ተጽፏል። የሳምፑ ውሃ ቢጠልቅ ኖሮ ከሥሩ ማስቀመጫ አስገብቼ ከፍ አደርገው ነበር፤ ሲያንስ ግን እንዲህ ያለ መላ የለውም። ያለው አማራጭ ባለሙያችሁ እንዳለው ቫልቩን ማጥበብ ብቻ ስለነበር፣ መውጫው የእርሳስ ውፍረት ያህል ክፍተት እስኪቀረው ድረስ አጠበብኩት። በዚያች ክፍተት ላይ አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ገብታ ተቀረቀረች። ውሃው መውጫ ሲያጣ በአንገቱ በኩል ወደ ኩባያው፣ ከኩባያው በቱቦ ወደ ውጭ ወዳስቀመጥሁት ጀሪካን ይወርድ ጀመር፤ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሞልቶ የቀረው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሳምፑ በጎደለ ቁጥር የተነነውን ውሃ በራሱ የሚተካው መሣሪያ ውሃው የተነነ መስሎት፣ በማጠራቀሚያው የነበረውን 25 ሊትር ጨው አልባ ውሃ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጨመረበት። ጠዋት ስለካው ጨዋማነቱ በሺህ ከ35 ወደ 33 ወርዶ ነበር። ኮራሎቹ አራት ቀን ሙሉ ተሸብሽበው ከረሙ፤ ኤውፊሊያ ከሚባሉት ኮራሎች አንዱ ሥጋው ከአጥንቱ ለቆ ሞተ።

«ቀንድ አውጣ ለገባችበት እኛ አንጠየቅም» ልትሉ ትችሉ ይሆናል። በተገቢው ጥልቀት በቆመና ቫልቩ በወጉ በተከፈተ ስኪመር ውስጥ ግን ያቺ ቀንድ አውጣ ከውሃው ጋር አልፋ ትወጣ ነበር። እኔም ብሆን ጀሪካኑ ሲሞላ ፓምፑን የሚያቆም ተንሳፋፊ ማጥፊያ ማድረግ ነበረብኝ። ስለዚህ ለሞተው ኮራልም ሆነ ለተበላሸው ወለል ካሳ አልጠይቅም።

በማግስቱ ስኪመሩን አውጥቼ፣ አንገቱ 9 ሴንቲ ሜትር የሆነውንና «እስከ 300 ሊትር» የተባለለትን አሮጌውን በዚያው ክፍል፣ በዚያው 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ አስቀመጥሁት። ፓምፑ ያረጀ ስለሆነ ያንጎራጉራል፤ ለውጥ የፈለግሁትም በዚሁ ምክንያት ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ በኩባያው ውስጥ ሦስት ጣት የሚደርስ ጥቁር ቡናማ ዝቃጭ ተጠራቅሞ አገኘሁ፤ ሽታውን ስኪመር ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገንዳው ያው ነው፣ ዓሦቹ ያው ናቸው፣ ምግቡም ያው ነው። የተለወጠው የስኪመሩ መጠን ብቻ ነው። በእርግጥ የጨዋማነቱ መውረድ ኮራሎቹ ልጋግ እንዲያበዙ አድርጎ የመጀመሪያውን ቀን ዝቃጭ አብዝቶት ሊሆን ይችላል ብዬ ሌላ ሁለት ሳምንት ተከታትያለሁ፤ ከዚያ ወዲህም በየሦስት ቀኑ ኩባያውን አጥባለሁ፣ ናይትሬቱም ወደ 7 ተመልሷል።

በሽያጭ ገጻችሁ ላይ ስላለው ቁጥርም ልናገር። «እስከ 1500 ሊትር» የሚለው በትልቁ ተጽፏል፤ በመመሪያው ውስጠኛ ገጽ ላይ ግን ይኸው ሞዴል ዓሣ ለበዛበት ገንዳ እስከ 700 ሊትር ድረስ እንደሚሆን ይነበባል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ከእጥፍ በላይ ነው፤ ይህም ሊትር ብቻውን የስኪመርን መጠን እንደማይወስን ራሳችሁ እንደምታውቁ ያሳያል። አራት ትናንሽ ዓሦች ያሉበት 400 ሊትር እና አሥራ አምስት ትልልቅ ዓሦች ያሉበት 400 ሊትር አንድ ዓይነት ስኪመር አይፈልጉም። ለስኪመር አምራቾች ሁሉ የሚሠራ የጋራ መለኪያ በሌለበት፣ ገዢው አንዱን ከሌላው ሊያወዳድር የሚችለው የአንገቱን ዲያሜትር፣ ፓምፑ በሰዓት የሚስበውን አየር፣ በስኪመሩ ውስጥ የሚያልፈውን የውሃ መጠን እና የሚሠራበትን ጥልቀት ሲያውቅ ነው። እነዚህ አራቱም በመመሪያው ውስጥ አሉ፤ መመሪያው ያለው ደግሞ በታሸገው ሣጥን ውስጥ ነው። በገጹ ላይ አንዳቸውም የሉም።

ስለሆነም ስኪመሩን ተቀብላችሁ፣ «እስከ 600 ሊትር» በምትሉት ታናሹ ሞዴል እንድትቀይሩልኝና የዋጋውን ልዩነት እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ስለ ታናሹ ሞዴል በዚህ ጊዜ አስቀድሜ መመሪያውን አስልኬ አንብቤያለሁ፤ አንገቱ 11 ሴንቲ ሜትር፣ የሚሠራበት ጥልቀትም ከ17 እስከ 21 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከሳምፔ ጋር ይስማማል። የማጓጓዣውን ወጪ ለመመለሻው እኔ፣ ለአዲሱ እናንተ ብትሸፍኑ አልቃወምም። የ30 ቀኑን ገደብ በተመለከተ፣ በ3ኛውና በ16ኛው ቀን የጻፍኳቸው መልእክቶች ቅሬታዬ በጊዜው እንደቀረበ ስለሚያስረዱ ቀኑ ከእነርሱ እንዲቆጠርልኝ አመለክታለሁ። ደንበኛ ስኪመሩ እስኪለማመድ እንዲጠብቅ በእናንተው የተነገረው ጊዜ ከመመለሻው ቀን ላይ እንዳይቀነስበት ደንቡን ብታሻሽሉትም ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ይጠቅማል።

በተጨማሪም ከላይ የጠቀስኳቸው አራት መለኪያዎች በሽያጭ ገጹ ላይ እንዲወጡ፣ የምክር ክፍላችሁም ሞዴል ከመጥቀሱ በፊት በገንዳው ውስጥ ስንት ዓሣ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚመገብና ሳምፑ ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ እንዲጠይቅ አሳስባለሁ። እኔ ሳልጠየቅ ነግሬያችሁ ነበር፤ ሌላው ደንበኛ ግን ላይናገር ይችላል።

ስኪመሩ በሆምጣጤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከነመመሪያውና ከነመለዋወጫው በመጣበት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። የተጻጻፍናቸውን መልእክቶች፣ የአንገቱንና የኩባያውን ፎቶግራፎች እንዲሁም የናይትሬትና የጨዋማነት መዝገቤን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ምላሽ እንድትሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ