ይድረስ ለእማዬ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው ስንደዋወል ሰባ ደረጃን ወጥተሽ ስትጨርሺ አናትሽን ውግት እንደሚያደርግሽ፣ ሌሊቱንም ጣራ ጣራ እያየሽ እንደምታነጊ ነገርሽኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ እዚያው ፒያሳ ነው።

እዚህ ቻይና፣ ጓንዡ ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ቆሜ ካርቶን ሳሽግ ስለምውል ማታ እግሬ ያብጣል፣ እንቅልፍም እምቢ ይለኛል። አንድ ምሽት ጎረቤቴ የሆኑ እናት አዩኝና ሙቅ ውሃ በሳፋ አምጥተው እግሬን ዘፈዘፉልኝ። አንቺ የአባዬን እግር በጨው ውሃ ስታጥቢው ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ። ከዚያም ውስጥ እግሬን በአውራ ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ጫን አደረጉት።

ቦታውን ዮንግቹዋን ይሉታል፣ የሚፈልቅ ምንጭ እንደማለት ነው። በአኩፓንቸር፣ በቻይኖቹ የመርፌ ሕክምና ማለት ነው፣ የሰውነት ኃይል ይሄድበታል ብለው ከሚያምኑባቸው መስመሮች አንዱ፣ የኩላሊት መስመር የሚሉት፣ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የእግር ጣቶችሽን ወደ ውስጥ እጥፍ ስታደርጊ ጎድጎድ የሚል ቦታ ታገኛለሽ። በሁለተኛውና በመሃለኛው ጣት መካከል ቀጥ ብለሽ ውረጂ፤ ከጣቶቹ ሥር እስከ ተረከዝሽ ያለውን 3 ቦታ ብትከፍዪው የመጀመሪያው የሚያልቅበት ጋ ነው። እነሱ ወደ ራስ የወጣውን ሙቀት ወደ ታች ይስባል ብለው ያምናሉ፤ ለአናት ራስ ምታት፣ ለማዞር፣ ለእንቅልፍ ማጣት፣ ራሱን ለሳተ ሰው ሳይቀር ይጠቀሙበታል። መርፌም ይወጉበታል፣ ግን ውስጥ እግር ላይ በጣም ያማል፤ ላንቺ ጣት ይበቃሻል።

ማታ እግርሽን ለብ ባለ ውሃ ታጠቢና ቅባት ነገር ቀብተሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ እያንዳንዱን እግር እሺው። ጎንበስ ማለት ከከበደሽ ሚሚ ትሽልሽ። እኔ አሁን ቶሎ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ከማሸቱ ይሁን ከውሃው መለየት አልችልም፣ ብቻ ተኝቼ አድራለሁ።

የግፊት ኪኒንሽን ግን አደራ እንዳታቋርጪ፣ ይሄ እሱን አይተካም። ራስ ምታቱ ድንገት ከበረታብሽ፣ ወይ አፍሽ ከተሳሰረ፣ ወይ አንድ እጅሽ ከዛለ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂጂ፤ እግር ማሸት ላይ ጊዜ አታጥፉ። እቴቴ ደግሞ ስኳር ስላለባት ሙቅ ውሃው ይቅርባት። የደነዘዘ እግር መቃጠሉን አያውቅም፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም።

እሁድ ከቤተክርስቲያን ስትመለሺ እደውላለሁ። ቪዲዮውን ክፈቺና እግርሽን አሳዪኝ፣ ቦታውን አብረን እንፈልገዋለን።

ልጅሽ