ለደንበኞቻችን፦ በዓረፍተ ነገሮቹ መካከል ስለተውነው ድምፅ

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ካለፈው ወር ጀምሮ የድምፅ ስቱዲዮአችን ስልክ ዕረፍት የለውም። አብዛኛው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። «ቀረጻውን አጽዱልን ብለን ሰጠናችሁ፤ እናንተ ከኋላ የሚሰማውን ሽሽታ ትታችሁ መለሳችሁልን» ይላል። አንድ የቆዩ ደንበኛችን ደግሞ በአካል መጡ። ፍላሻቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «ድሮ እንዲህ አልነበራችሁም» አሉኝ። ገንዘባቸውን ስመልስላቸው ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተው ወጡ። ፍላሹንም ትተውት ሄዱ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

መጀመሪያ ጥፋታችን። አሠራራችንን የለወጥነው ሳንነግራችሁ ነው። ዋጋም ስንጨምር አስቀድመን አላሳወቅንም። ይቅርታ እንጠይቃለን።

የለወጥንበትን ምክንያት ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ስንፍና አይደለም። ደንበኛ መናቅም አይደለም።

ይህን ሥራ የጀመርኩት በ2001 ዓ.ም. ነው። አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። ግድግዳዋን በሙሉ የእንቁላል ካርቶን ለጠፍኩበት። ካርቶኑ የውጭ ድምፅ እንደማያስቆም የገባኝ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ቀረጻውን አቁመን ሻይ እንጠጣ ነበር። መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል። የታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» ሲል ግጥሙ መሀል ይገባል። ያኔ ከደንበኛ ወቀሳ ያዳነኝ ኖይዝ ጌት የሚባለው የድምፅ መሣሪያ ነው። ውለታውን አልክድም።

ጌት ማለት በር ነው። ዘበኛ የቆመበት በር አድርጋችሁ አስቡት። ለዘበኛው ትእዛዝ ሰጥተነዋል። ድምፁ ከዚህ ደፍ በላይ የሆነ ይግባ፣ በታች የሆነ ይመለስ። እኛ ትሬሾልድ የምንለው ይህን ደፍ ነው። ሰው ሲናገር በሩ ይከፈታል፣ ዝም ሲል ይዘጋል። በሩ ሲዘጋ ዝናቡም ጄኔሬተሩም አብረው ይጠፋሉ። በዓረፍተ ነገሮቹ መካከል ጭጭ ይላል። እናንተ ለዓመታት የወደዳችሁልን ያ ጭጭታ ነው።

ችግሩ ዘበኛው ፊት አያይም። የሚለካው ቁመት ብቻ ነው። የሚጮኽ ውሻ ይገባል። ቀስ ብለው የሚናገሩ አዛውንት ይመለሳሉ።

ይህ እንዴት እንደገባኝ ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ቨርጂኒያ የምትኖር ደንበኛችን የአባቷን ቀረጻ ላከችልን። አገር ቤት መጥታ ሳለች በስልኳ የቀዳችው ነው። አራት ሰዓት የሚሆን የሕይወት ታሪክ። ከኋላ ፍሪጅ ያጉረመርማል። እኔም እንደ ልማዴ ጌቱን ጠበቅ አድርጌ ሠራሁት። ፍሪጁ ጠፋ። ደስ ብሎኝ ላክሁላት።

በሳምንቱ ደወለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። «አባዬ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቅቶት ነው እንዴ? አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስሰማው እንዲህ አልነበረም» አለችኝ። ሐኪም ልታማክርለት እያሰበች ነበር።

ዋናውን ቅጂ ከፍቼ አዳመጥኩ። አባትየው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ጨርሰዋል። ያልጨረስኩት እኔ ነኝ። አንድ ቦታ ላይ «ይህን ቤት የሠራሁት እኔ ብቻ አይደለሁም» ይላሉ። «አይደለሁም» የምትለውን እንደ ትንፋሽ ነው ያሏት። በሩ ተዘጋባት። ልጅቱ ጋ የደረሰው «ይህን ቤት የሠራሁት እኔ ብቻ» የሚል ነው። የትሑት ሰው ንግግር የጉራ ንግግር ሆኖ ተላከ።

ከዚያ በኋላ የድሮ ሥራዎቼን እያወጣሁ ማዳመጥ ያዝኩ። ሌሊቱን ሙሉ የቆየሁበት ቀን አለ። የማያስደስት ነገር ነው ያገኘሁት።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። «ነው» ይሁን «ነበር»፣ «ይመጣል» ይሁን «አይመጣም» የሚታወቀው ንግግሩ ሲያልቅ ነው። ትንፋሻችን የሚያልቀውም እዚያው ነው። ድምፃችንም እዚያው ዝቅ ይላል። በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ማሰሪያውን በሹክሹክታ ነው የሚሉት። ዋናው ቃል ከደፉ በታች ይወድቃል ማለት ነው። ጌቱ ደግሞ ከደፉ በታች ያለውን ሁሉ ነው የሚበላው።

ሌላም አለ። «ሰጠ»፣ «ወጣ»፣ «አጣ» በሉ እስቲ። «ጠ» እና «ጣ» ጠብቀው ሲነገሩ ምላሳችን ይቆለፋል። ለቅጽበት ምንም ድምፅ የለም። ሆልድ የሚባለው የመቆያ ጊዜ አጭር ከሆነ ጌቱ ሰውየው የጨረሰ ይመስለዋል። በቃሉ መሀል በሩን ይዘጋል። ከዚያ «ጣ» ስትፈነዳ እየተንደረደረ ይከፍታል፤ ግን የፊደሏ አፍ ተቆርጧል። በጆሮ ማዳመጫ ስታዳምጡት ንባቡ ይንተባተባል። አንባቢው ግን አልተንተባተበም።

በገናማ አይነሳ። የበገና ያ ዝዝዝ የሚለው ድምፅ በአሥሩ አውታሮች ሥር ከሚገባው እንዚራ ከሚባለው ቁራጭ ቆዳ የሚመጣ ነው። አውታሩ ከተነካ በኋላ ቀስ እያለ ይሞታል። በዐቢይ ጾም የሚመጡልን ደንበኞች የሚፈልጉት እሱን ነው። ጌቱ ግን መሞቻውን በመቀስ ይቆርጠዋል። ይህን ያደረግሁባቸው ሰዎች አሉ። አንዳቸውም አልተቆጡኝም፤ ምናልባት የእጃቸው ጥፋት መስሏቸው ይሆናል። እሱ ነው የበለጠ የሚያሳዝነኝ።

ደግሞም ጌት ጫጫታ አያጸዳም። የሚያጸዳው ዝምታውን ነው። ሰው ሲናገር በሩ ክፍት ስለሆነ ፍሪጁም ከድምፁ ጋር አብሮ ይገባል። ንግግሩ ሲቆም አብሮ ይወጣል። ገባ፣ ወጣ። ገባ፣ ወጣ። ጆሮ ሳይቋረጥ የሚሰማን ነገር ይለምደዋል። ቤታችሁ ያለው ፍሪጅ ትዝ የሚላችሁ ሲጠፋ ነው አይደል? የሚመጣና የሚሄድ ድምፅ ግን ይረብሻል። ስለዚህ ያ «ንጹህ» ያላችሁት ቅጂ ንጹህ አልነበረም። ቆሻሻው ከቃላቱ ሥር ተደብቆ ነበር።

አሁን የምንሠራበት መንገድ ኤክስፓንደር ይባላል። የጌት ወንድም ነው፤ ጠባዩ ግን ለስላሳ ነው። ከደፉ በታች ያለውን አያባርረውም፤ ዝቅ ያደርገዋል። ዴሲቤል የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው። አንድ ለሁለት ስናስተካክለው፣ ከደፉ 5 ዴሲቤል ዝቅ ያለው ድምፅ 10 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይወጣል። 10 የነበረው 20 ይሆናል። ሬንጅ በሚባለው ደግሞ የመቀነሱን ልክ እንገድባለን። እኛ 10 ወይም 12 ዴሲቤል ላይ እናቆመዋለን። ፍሪጁ ወደ ሌላ ክፍል የሄደ ያህል ይርቃል። ያቺ በትንፋሽ የተባለች «አይደለሁም» ትንሽ ብትቀንስም ትሰማለች። በሩ ቶሎ እንዲከፈት፣ ቀስ ብሎ እንዲዘጋ እናደርገዋለን።

ከሱ በፊት ከ80 ኸርዝ (በሰከንድ 80 ንዝረት) በታች ያለውን ወፍራም ጉርምርምታ በንግግር ቀረጻ ላይ እንቆርጣለን። የመብራቱ እምምታ በአገራችን 50 ኸርዝ ላይ ነው፤ 100 እና 150 ላይ ደግሞ ልጆቹ፣ ማለትም ብዜቶቹ፣ አሉ። እነሱን አንድ በአንድ እንለቅማለን። ኮምፕሬሰር የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ኮምፕሬሰር በጮኸውና በቀሰሰው ድምፅ መካከል ያለውን ልዩነት አጥብቦ ጠቅላላውን ድምፅ በ10 ዴሲቤል ከፍ ካደረገው ጸጥ ባለው ቦታ ፍሪጁም 10 ዴሲቤል ይጠጋችኋል። ሽሽታ የበዛባቸው የስልክ ቀረጻዎች ብዙዎቹ ኮምፕሬሰሩ ከጽዳቱ በፊት በመምጣቱ የተበላሹ ናቸው።

ሽሽታ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ኦዲዮ መጽሐፍ ወደ ውጭ የምትልኩ ደንበኞቻችን ኤሲኤክስ የሚባለውን የኦዲዮ መጽሐፍ መድረክ ታውቁታላችሁ። የጀርባ ጫጫታው ከሙሉው መጠን ቢያንስ 60 ዴሲቤል ዝቅ ያለ እንዲሆን ይጠይቃል። በየምዕራፉ መጀመሪያና መጨረሻ ግን የክፍሉ ባዶ ድምፅ እንዲቀመጥ ይፈልጋል። የፊልም ድምፅ ቀጂዎችም ሰው ሁሉ ዝም ባለበት የክፍሉን ድምፅ ብቻውን ይቀዳሉ። ባዶ ክፍልም ድምፅ ስላለው ነው።

ጌቱንም አልጣልነውም። ለከበሮ እንጠቀምበታለን። እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ማይክ ለሚያወራበት ቃለ መጠይቅም ይረዳል፤ ሁለት ማይክ አብሮ ሲከፈት የክፍሉ ጫጫታ 3 ዴሲቤል ይጨምራልና። ዋናው ነገር ቦታውን ማወቅ ነው።

ወደ ዋጋው ልምጣ። ለመጻፍ የከበደኝ እዚህ ላይ ነው።

ድሮ የአንድ ሰዓት ቀረጻ በሁለት ሰዓት ይያዝና ያልቅ ነበር። አሁን አምስት ሰዓት ይወስዳል። ኤክስፓንደሩን ለእያንዳንዱ ተናጋሪ እናስተካክላለን። ከዚያ በጆሯችን እስከ መጨረሻው እናዳምጣለን። የጠፋ ማሰሪያ ካለ በእጅ እንመልሳለን። ዋጋው ከ1,200 ብር ወደ 1,800 ነው ያደገው። ድካሙ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ዋጋው በግማሽ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

የድምፅ መጠገኛ ሶፍትዌራችን የሚከፈለው በዶላር ነው። ውጭ ያለ ወንድሜ በካርዱ ይከፍልልኛል፤ እኔ እዚህ በብር እመልሳለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ሳምንታት ሳይቆይ መቶን አለፈ። ጆሮ ማዳመጫ፣ ማይክ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ሁሉም ከዚያው ጋር ሄደ። የቤት ኪራይ አለ። ሁለት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። አንደኛው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ኬብል ሊጠቀልል ገብቶ ዛሬ ከእኔ የተሻለ ጆሮ አለው። እነዚህን ልጆች ልበትን አልችልም።

አንዳንዶቻችሁ በአሥር ደቂቃ አጽድቶ ወደሚመልስ አፕ እንደሄዳችሁ ሰምቻለሁ። መብታችሁ ነው። አልከፋኝም ብል ግን እዋሻለሁ። የልጆቻችሁን ሠርግ፣ የወላጆቻችሁን ምርቃት ስቀዳ ኖሬያለሁ። በካሴት ዘመን ከውጭ የተላከላችሁን የድምፅ ደብዳቤ ወደ ኮምፒውተር ያዛወርነው እኛ ነን። ቴፑ ሲበጠስ በምላጭና በማጣበቂያ ቀጥለናል። ይህን የማነሳው ውለታ ለመቁጠር ሳይሆን፣ የእናንተ ሰዎች ድምፅ ለኔም የሥራ ዕቃ ብቻ ስላልሆነ ነው።

ሙሉ ጸጥታ የሚፈልግ ደንበኛ ካለ አሁንም እንሠራለን። አንድ ነገር ብቻ እንለምናለን። ሁለቱንም ቅጂ ጎን ለጎን አዳምጡና ምረጡ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ቢሆን ደግሞ ይሻላል።

ለቀጣይ ቀረጻም ጥቂት ልበላችሁ፤ ለእናንተም ወጪ ይቀንሳል። ስልኩን ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ያህል አስጠጉት። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ ጫጫታው ግን አይወርድም። በባዶ ሳሎን አትቅዱ። ልብስ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ያለበት ክፍል ይሻላል። ፍሪጁን ንቀሉት። መልሳችሁ መሰካቱን እንዳትረሱ የቤት ቁልፋችሁን ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ስትወጡ ያስታውሳችኋል። ሳትናገሩ አሥር ሰከንድ ቅዱ። በአፕ ከማጽዳታችሁ በፊት ያለውን ዋናውን ፋይል ላኩልን። አንዴ የተበላ ቃል ተመልሶ አይተፋም።

የቨርጂኒያዋን ልጅ ሥራ እንደገና ሠርቼ ላክሁላት። ገንዘብ አልተቀበልኩም። መልሷ አንድ መስመር ነበር፦ «ፍሪጁ ይሰማል፤ የእማዬ ፍሪጅ ነው፣ ደስ ይላል።»

ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የሰጣችሁን ዋና ቅጂ በሙሉ እጃችን ላይ አለ። በድሮው መንገድ የተሠራላችሁና ቃል የተቆረጠበት የሚመስላችሁ ካለ እስከ ሰኔ 30 ድረስ አምጡት። በነፃ እንደገና እንሠራዋለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነን። ጥሩ ጆሮ ማዳመጫ እዚሁ አለ።

ፍላሽዎን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው የሄዱት ደንበኛችን፣ ይህን ካነበቡት፣ ፍላሽዎ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሁለተኛ ቅጂ ሠርቼ ጨምሬበታለሁ። ሲመቸዎት ብቅ ይበሉ፤ ቡና እያፈላን አብረን እናዳምጠዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የስቱዲዮው ባለቤት