«ይበረታታሉ» ከምትለው መስመር በኋላ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎቻችሁ ግርጌ «ሴቶችና አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ» የምትል መስመር አትጠፋም። ፈተናው ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ፣ አሳንሰሩ ይሠራ እንደሆነ፣ መስማት የተሳነው አመልካች ጥሪው በምን እንደሚደርሰው ግን አንድም ቃል አይገኝም። ለዓመታት ከሥራ ርቆ የቆየ አካል ጉዳተኛ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ፈታኞቹ ፊት ከመቅረቡ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ነው። ስለ በራስ መተማመን ብዙ ተብሏል። እኔ ስለ ስልኩ፣ ስለ ደረጃውና ስለ ወረቀቱ ልጻፍ።

ጥሪው ብዙውን ጊዜ «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ይምጡ» የሚል አጭር ስልክ ነው። አመልካቹም በደስታ «እሺ» ብሎ ይዘጋል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ሳይዘጋ የሚጠየቁ ነገሮች አሉ፦ ቦታው ስንተኛ ፎቅ ነው፣ የጽሑፍ ፈተና አለ ወይ፣ ካለ በወረቀት ነው በኮምፒውተር፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ፈታኞቹ ስንት ናቸው፣ የደወለው ሰው ስም ማን ነው። የውጭ ድርጅት ከሆነ ሰዓቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነም መጠየቅ ነውር የለውም። «9 ሰዓት» ተብሎ ከሰዓት በኋላ የሄደ ሰው ፈተናው ጠዋት አልቆ ያገኘዋል።

ከዚያ የሚያስፈልገው ነገር ከነመፍትሔው ይነገራል። «ዓይነ ስውር ነኝ፣ ታዲያ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ጥያቄውን ለጸሐፊዋ መተው አያዋጣም፤ እሷም አታውቀውም። «ዓይነ ስውር ነኝ፤ ፈተናው በኮምፒውተር ፋይል ይሰጠኝ፣ ካልሆነም የሚያነብልኝ ሰው ይመደብ፤ ለአንድ ሰዓቱ ፈተና ግማሽ ሰዓት ይጨመርልኝ» ብሎ መናገር ያዋጣል። ይህንኑ በዚያው ቀን በጽሑፍ መልእክት ወይም በኢሜይል መድገም ነው፤ የቃል ስምምነት በማግሥቱ የሚያስታውሰው ሰው ያጣል። ያልተነገረው ኮሚቴ ጉዳዩን በሩ ላይ ሲያየው ይደናገርና «ሌላ ቀን እንጠራዎታለን» ይላል። ሁለተኛው ጥሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመጣም።

አስቀድሞ መናገር ስም ያሰርዛል የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም። በእኔ እምነት በማመልከቻው ላይ መጻፍ ግዴታ የለም፤ ከተጠሩ በኋላ ግን መናገር ይሻላል፣ ምክንያቱም የወረቀት ማጣሪያው ያኔ ታልፏል። መስማት ለተሳነው አመልካች ብቻ ነገሩ ይለያል። እሱ ማመልከቻው ላይ ከስልክ ቁጥሩ ጎን «በጽሑፍ መልእክት ብቻ» ብሎ ካልጻፈ ሦስት ጊዜ ተደውሎ «አያነሣም» ተብሎ ያልፋል።

ሕጉን በተመለከተ፣ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛው እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካመጣ ቅድሚያ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ አሠሪውም ተመጣጣኝ ማመቻቸት፣ ማለትም የፈተናውንና የሥራውን ሁኔታ ለአካል ጉዳተኛው እንዲስማማ ማስተካከል፣ እንዲያደርግ ያስገድዳል። በስልክ ጥሪው ላይ ግን አዋጅ ባይጠቀስ እመርጣለሁ፤ ጸሐፊዋ ትፈራና ለሕግ ክፍል ትመራዋለች። አዋጁ የሚጠቀሰው ጥያቄው በግልጽ ሲከለከል፣ ያውም በጽሑፍ ነው።

አሁን ከሥራ ወደ ራቁበት የዓመታት ክፍተት። ሥራዋን በ2010 ያቆመች፣ በመሃል የዓይን ብርሃኗን ያጣች የሒሳብ ባለሙያ እንውሰድ። ሲቪዋ ላይ 2010 ብላ «ዓ.ም.» ሳትጨምር ከጻፈች፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚያነበው ሰው የስምንት ዓመቱ ክፍተት ዐሥራ ስድስት ዓመት ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ።

«እነዚህን ዓመታት ምን ስትሠሪ ነበር?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። መልሱ ከአንድ ደቂቃ መብለጥ የለበትም፤ ሦስት ነገር ብቻ ይይዛል። አንደኛ፣ ምን እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር፦ «በሕመም ምክንያት ዓይነ ስውር ሆንኩ፤ ሕክምናው አልቋል።» ሁለተኛ፣ በዚያ ጊዜ የተማረችው፦ «በስክሪን ሪደር ኤክሴል መሥራት ተምሬያለሁ» (ስክሪን ሪደር በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር ነው)። ሦስተኛ፣ ወደ ሥራው መመለሻ፦ «የደመወዝ ዝርዝር እንዴት እንደማዘጋጅ ላሳያችሁ እችላለሁ።» ትልቁ ጥፋት የሕመሙን ታሪክ ከመጀመሪያው ሆስፒታል እስከ ጠበሉ መተረክ ነው። ፈታኞቹ ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ እንዲያውም ደግ ስለሆኑ ማጽናናት ይጀምራሉ። «አይዞሽ» ደግሞ በውጤት መስጫው ቅጽ ላይ ነጥብ የለውም። የሕክምና ፋይልም ቤት ይቅር።

በዚያ ክፍተት ውስጥ ያለ ደመወዝ የተሠራም ሥራ ነው። የእድር ሒሳብ የያዘ ሰው «እድር ውስጥ አግዝ ነበር» ብሎ ማለፍ የለበትም። ስንት አባል፣ በወር ስንት ብር መዋጮ፣ ለስንት ዓመት፣ ማን ኦዲት እንዳደረገው ይጻፍ። የእድሩ ሊቀ መንበር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከተገኘማ ደኅና ማስረጃ ነው።

ፈታኞች በእርግጥ የሚጠራጠሩት እውቀቱ አርጅቶ እንደሆነ ነው፤ ጥርጣሬያቸውም ትክክል ሊሆን ይችላል። ለሒሳብ ባለሙያዋ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ2010 በነበረው ስሌት የ12,000 ብር ደመወዝ የሥራ ግብር 2,700 ብር ነበር። በ2017 በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ግን ከግብር ነፃው መጠን ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሎ፣ እርከኖቹም ተለውጠው፣ የዚያው ደመወዝ ግብር 2,250 ብር ሆኗል። የጡረታው 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ግን እንዳለ ነው። በአሮጌው ሠንጠረዥ የሠራች ሰው በ450 ብር ትሳሳታለች፤ ፈታኙም «ዓይኗ ነው» ብሎ ያስባል እንጂ «ሠንጠረዡ ነው» አይልም። የተጨማሪ እሴት ታክስም በ2016 አዲስ አዋጅ ወጥቶለታል። ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ በፊት ያሉት ሁለት ሳምንታት «ስለ ራስሽ ንገሪን» የሚለውን ከማጥናት ይልቅ፣ ሥራ ካቆሙበት ዓመት ወዲህ በሙያው የተለወጡትን አዋጆችና ሶፍትዌሮች አንድ ገጽ ላይ አውጥቶ በማጥናት ቢያልቁ ይበጃል። ነርስም ሆነች የኤሌክትሪክ ባለሙያ የየራሷ ዝርዝር አላት።

የኮምፒውተር ፈተና ካለ፣ ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ ስክሪን ሪደር ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ይሠራል። ብዙ ቢሮዎች ግን ቫይረስ በመፍራት የፍላሽ መሰኪያውን ስለሚዘጉ በእሱ ብቻ መተማመን አይገባም። የራስን ላፕቶፕ፣ ቻርጀርና ማዳመጫ መያዝ፣ ያንንም በስልኩ ጊዜ ማስፈቀድ ነው። ሌላው ወጥመድ ፊደሉ ነው፦ ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር በዱሮው ዓይነት የተጻፈ የፈተና ወረቀት ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ኮምፒውተሩ ውስጥ የላቲን ፊደል ስለሆነ ስክሪን ሪደሩ ትርጉም የሌለው ነገር ያነባል። በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ አማርኛውን እንደ አማርኛ በሚያውቅበት አሠራር፣ የተጻፈ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስካን ተደርጎ እንደ ፎቶ የተላከም ለስክሪን ሪደር ባዶ ገጽ ነው።

ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው ቦታውን ከአንድ ቀን በፊት፣ በዚያው ሰዓት ሄዶ ማየትን የሚተካ ነገር የለም። የወንበሩን ስፋት በሜትር ለክቶ የመግቢያውንና የመጸዳጃውን በር ማስለካት፣ መብራት ሲጠፋ አሳንሰሩ በጀነሬተር ይሠራ እንደሆነ ጥበቃውን መጠየቅ ነው። ጥበቃው ከሰው ሀብት ኃላፊው የተሻለ ያውቃል። መግቢያው ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሦስት ደረጃዎች ካሉ፣ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት በሚለው ስሌት 5 ሜትር ከ40 የሚረዝም መወጣጫ ያስፈልጋል። «ሳንቃ እናስቀምጣለን» ቢሉ የሜትር ተኩል ሳንቃ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገለብጣል፤ ምድር ቤት ያለ ክፍል መጠየቁ ይቀላል። ሰዎች የግድ የሚያነሡ ከሆነ ዋናውን ብረት ይያዙ፤ የክንድና የእግር ማሳረፊያው በብዙ ወንበሮች ላይ ተነቃይ ስለሆነ እጃቸው ላይ ይቀራል።

በምልክት ቋንቋ ለሚፈተን ሰው እኅት ወይም ወንድም አስተርጓሚ አይሁን። ዘመድ ያሳምራል፣ ይጨምራል፣ አንዳንዴም ራሱ ይመልሳል። ባለሙያው አስተርጓሚ ከፈታኙ ጎን፣ ከአመልካቹ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ጀርባውን ለመስኮት ከሰጠ ግን እጁም ፊቱም ይጨልማል። የሙያው ቃላት ዝርዝር ከአንድ ቀን በፊት ይሰጠው። ፈተናው ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ ከሆነ ሁለት አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲደክመው ስሕተቱ የሚቆጠረው በአመልካቹ ላይ ነው።

ስለ ማስረጃ በአጭሩ፦ የቀድሞ አሠሪ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ከዓመታት በኋላ ግን መዝገብ ፍለጋው ቀናት ስለሚወስድ ቀድሞ መጠየቅ ነው። መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለግል ድርጅት ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበትን ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ተያዥ የሚፈልግ ሥራ ከሆነ ደግሞ ከሥራ የራቀ ሰው ዋስ የሚሆኑት ባልደረቦች ስለተበተኑበት ፍለጋው ከማመልከቻው ጋር አብሮ ይጀመር። ከተቀጠሩም በኋላ በስልክ የተስማሙበት ሁሉ ውሉ ላይ ይግባ፤ በግል ድርጅት የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ነውና ሶፍትዌሩ በሃምሳኛው ቀን ቢመጣ ምን ይጠቅማል?

ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። ማስታወቂያ ለሚያስነግሩ ድርጅቶች በምትሰጡት ቅጽ ላይ ሦስት መስመር ጨምሩ፦ የፈተናው ቦታ ፎቅና አሳንሰር፣ የጽሑፍ መልእክት የሚቀበል ስልክ ቁጥር፣ የፈተናው ዓይነት። ማስታወቂያውን በቴሌግራም ስትለጥፉም ከፎቶው በታች ጽሑፉን አብራችሁ አስቀምጡ። ዓይነ ስውሩ አንባቢያችሁ አሁን የሚሰማው «ፎቶ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ቋሚ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ