ደብዳቤ ለልጄ፦ ደጋው ከጠቆረ ውሃ አትግቡ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትህ ወገብ ተሽሎታል፤ ላሟም ወልዳለች።

የአክስትህ ልጅ ሸዋሮቢት ደርሶ ሲመለስ፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሮቢ ወንዝ ውስጥ እንዳየህ ነገረኝ። ቀኑን ብጠይቀው እዚህ ደብረ ሲና ዶፍ የጣለበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሮቢ እኮ ከእኛ ተራራ ነው የሚወርደው! ጣርማበር ላይ ሲያጓራ እናንተ ዘንድ ፀሐይ ነው፤ ልጆቹ አሸዋው ላይ ሲንከባለሉ ደራሹ ይመጣል። ደጋው ከጠቆረ ውሃ አትግቡ።

ሥራህን ጠልቼ አይደለም። ያለ ደመወዝ ዋና ማስተማርህ ያኮራኛል። ቆላ ያደገ ልጅ ቢገረፍም ተደብቆ ወንዝ ይወርዳል፤ ካንተ ጋር ቢወርድ ይሻላል። መጀመሪያ በጀርባ መንሳፈፍ ታስተምራቸዋለህ አሉ፤ ደግ አደረግህ። ግን አንተ አንድ፣ እነሱ ብዙ። የሚሰጥም ልጅ አይጮህም ያልከኝ አንተው ነህ። ዳር ቆሞ የሚቆጥራቸው ትልቅ ሰው ይኑር። የሚጥል በሽታ ያለበት እንዳለም ወላጆቻቸውን ጠይቅ።

ስሙን የወረስከው አጎትህ ዋና ያውቅ ነበር። ከመርሐቤቴ ሲመለስ ጀማ ወንዝ አንድ እረኛ ሲወስድ አይቶ በልብሱ ዘሎ ገባ። ልጁ አንገቱን አንቆ ያዘው፤ የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ነው የሚጨብጥ። ልጁን ሰዎች ጎትተው አወጡት፤ ወንድሜን በሦስተኛው ቀን ከታች፣ ከቋጥኝ ሥር አገኙት። አህያው ቤት ሲመጣ የመጫኛው ገመድ ከነቋጠሮው ጀርባው ላይ ነበር። የፈታሁት እኔ ነኝ፤ እርጥበት እንኳ አልነካውም። ያንን መጫኛ ዳር ሆኖ ቢወረውርለት ኖሮ ሁለቱም ቤታቸው ይገቡ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንግዲህ ስማኝ። ገመድና ረጅም ዱላ ሳትይዝ ወንዝ እንዳትወርድ። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን ገመዱ ጫፍ ላይ እሰር፤ ሰው ያንሳፍፋል። ወርውር እንጂ አትዝለል። የተኛ ውሃ ውስጥ አታስገባቸው፤ ቀንድ አውጣ ካለበት ቢልሃርዚያ አይጠፋም። ውሃ የዋጠ ልጅ ቢወጣ ዘቅዝቀው እንዳይወዘውዙት ለወላጆቹ ንገር። ካልተነፈሰ ቶሎ ትንፋሽ ይስጡት፤ ከዚያ 30 ጊዜ ደረቱን መጫን፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ፣ ሐኪም ጋ እስኪደርስ።

ክረምት ላይ ዝናቡ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነውና ጠዋት ጠዋት አስተምር። ሌሊት ከዘነበ ግን ጠዋትም አይሆንም። ደጋው ከጠቆረ ውሃ አትግቡ ብያለሁ፤ ብትሰለችም እደግመዋለሁ የኔ ጌታ።

ቆሎ በሚኒባስ ልኬልሃለሁ። ልጆቹ ከውሃ ሲወጡ ይርባቸዋል፤ አካፍላቸው። ከመውረድህ በፊት ደውልልኝ፤ ጣርማበርን አይቼ እነግርሃለሁ። ኔትወርክ ከጠፋ ያን ቀን አትውረድ።

እናትህ